ፊቷን ያዞረችው ልጅ

«እማ፣ ልጅቷ ወደ ቤቷ እየመጣች ከሆነ፣ ፊቷ ለምን ወደዚያ ዞረ?»

ሹክሪያ ይህን ስትጠይቅ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። በእናቷ በኩብራ ጭን ላይ ተቀምጣ ጣቷን በመጽሐፉ ሥዕል ላይ አሳርፋለች። በሥዕሉ ላይ ተራራ አለ። በተራራው ግርጌ በሯ ቀይ የሆነ ትንሽ ቤት አለች፤ በሩ ላይ እናት ቆማለች። ከቤቷ ፊት ባለው መንገድ ላይ ደግሞ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ በጨርቅ የታሰረ ጓዝ ይዛ ትታያለች። የልጅቷ ፊት ግን ወደ ቤቷ አይደለም። ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ ወደ ገጹ ጠርዝ ነው የምታየው።

ኩብራ ሥዕሉን ቀረብ አድርጋ አየችው፤ ራቅ አድርጋም አየችው።

«የሠራው ሰው ተሳስቶ ነው» አለች በመጨረሻ። «በይ አሁን ተኚ።»

ሹክሪያም ተኛች።

መጽሐፉን ያመጣው የሹክሪያ አባት ሙሐመድአሚን ነው። የከባድ መኪና ረዳት ነበርና አንድ ጊዜ ከድሬዳዋ ሲመለስ ለልጁ ገዝቶላት መጣ። ዓመት ቆይቶ እሱ እዚያው ድሬዳዋ ሌላ ትዳር ይዞ ቀረ፤ መጽሐፉ ግን ጭሮ ከተማ፣ እነ ኩብራ ዘንድ ቀረ። ኩብራ ማንበብ ስለማትችል ሥዕሎቹን እያየች ተረት ፈጠረችለት። በእሷ ተረት ልጅቷ መጀመሪያ ብዙ መስኮት ባለው ሕንፃ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ወደ ውጭ ታያለች። በዚያ ከተማ ስሟን የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ጓዟን ጠቅልላ ትወጣለች፤ ባቡር ትሳፈራለች፤ ወፍ የሞላበት ዛፍ ሥር ታርፋለች፤ በድልድይ ወንዝ ትሻገራለች፤ በመጨረሻ ቀይ በር ያላት ቤት ዘንድ ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። ሹክሪያ ከመስማት ብዛት በቃሏ ይዛው ስለነበር፣ ኩብራ ደክሟት ገጽ ከዘለለች «ባቡሩስ?» ትላት ነበር።

ኩብራ መጽሐፍ ሲከፈት ያየችው በልጅነቷ፣ መሰላ ከተማ አጠገብ ባለው መንደራቸው ነው። ወንድሟ በድሪ ቁርአን ሲቀራ እሷ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ጀሪካኗን አስቀምጣ ከደጅ ትሰማ ነበር። ሼኹ ኪታቡን እንዴት እንደሚይዙት፣ ገጹን በስንት ጥንቃቄ እንደሚገልጡት አይታለች። የልጇን መጽሐፍም ስትይዝ እንደዚያው አድርጋ ነው የያዘችው።

አሁን ሹክሪያ ሃያ ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤቱ ሳይመጣላት ቀርቷል፤ እንደ እሷ ያልመጣላቸው ብዙ ስለነበሩ ማንም ማንንም አላጽናናም። ሁለት ዓመት የስልክ ካርድና ቻርጀር በሚሸጥ ሱቅ ሠራች። ኩብራ ደግሞ ያው እንደ ድሮዋ ጫት ተራ፣ ጫት በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ትውላለች። ሥራው በማለዳ ይጀመርና መኪኖቹ ጭነው ሲወጡ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የቀረው ቀን ረጅም ነው።

ከዓመት በፊት ትምህርት የጀመረችውም በዚሁ ምክንያት ነው ብላ ለሰው ትናገራለች፤ ቀኑ ስለሚረዝም። እውነቱ ሌላ ነው። ሹክሪያ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ፈገግ ትላለች፤ ወዲያው ፊቷ ይጨፈግጋል፤ ኩብራ ከጎኗ ተቀምጣ ምን እንደተባለ አታውቅም። ቀበሌው ውስጥ በኦሮምኛ የሚሰጥ ትምህርት ነበረ፤ ልጇ የምትጽፈው ግን በአማርኛ ስለሆነ ወደ እትዬ ሮማነወርቅ ሄደች። እትዬ ሮማነወርቅ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት፣ በቤታቸው የውጭ ክፍል፣ አሥራ አራት እናቶችን ያስተምራሉ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ እትዬ ሮማነወርቅ ጠመኔውን ሳያነሡ ቆሙ።

«ዛሬ ደብተር አንከፍትም» አሉ። «ትምህርታችን በሰኔ ይዘጋል። እንግዶች እንጠራለን። ለዚያ ቀን እያንዳንዳችሁ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሆነ አቡጀዲ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትሰፋላችሁ። ቁርጥራጩ እንደመጣ ይሁን፤ ማዕዘን ቢኖረውም ባይኖረውም አታስተካክሉት። ላዩ ላይ ከምትወዱት የልጆች መጽሐፍ አንድ ሥዕል ትጠልፋላችሁ። በመጨረሻ ሁሉንም አጋጥመን አንድ ትልቅ ልብስ እናደርገዋለን።»

መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እንቁ ናት። እንቁ የኩብራ ጎረቤት ናት፤ ልጇ ሮዳስና ሹክሪያ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር የተማሩ ናቸው።

«እትዬ፣ ይሄ የሚሉት ነገር በእኛ ቤት ድሪቶ ይባላል» አለች። «እሱን እቤቴም አላጣሁት። እዚህ የመጣሁት ከሱ የሚያላቅቀኝ ነገር ፍለጋ ነበር።»

ሴቶቹ ሳቁ። እትዬ ሮማነወርቅም ሳቁ።

«የቤትሽ ድሪቶ ያሞቃል» አሉ። «ይሄኛው ይነበባል። በመዝጊያው ቀን እያንዳንድሽ ከጠለፍሽው ሥዕል ሥር የተጻፈውን በእንግዳ ፊት ታነቢያለሽ።»

«በእንግዳ ፊት?» አለች እንቁ። «ወይኔ። እንግዲያው አጭር ጽሑፍ ያለው ሥዕል ፈልጉልኝ።»

ኩብራ ምን እንደምትጠልፍ አላሰበችም፤ ቀይ በር ያላት ቤት ናት። መጽሐፉን ማየት እንኳ አላስፈለጋትም። በሣጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ከተቀመጠ ስንት ዓመቱ፤ ሥዕሎቹ አንድ በአንድ ዓይኗ ላይ ናቸው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ሹክሪያ ከሱቅ ቀደም ብላ መጣች። ኩብራ ደጅ ላይ ተቀምጣ አቡጀዲውን እየለካች ነበር። ሹክሪያ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ ቁጭ አለች፤ የእናቷን እጅ አየች።

«ከሥራ አገናኝ ኤጀንሲው ደወሉ» አለች። «ቪዛው ወጥቷል። ጅዳ ነው።»

ኩብራ መቀሱን አስቀመጠች። ልጇ የቤት ሥራ ሥልጠና መውሰዷን ታውቃለች፤ ሦስት ሳምንት በየቀኑ ስትሄድ አይታለች፤ የምስክር ወረቀቱንም በራሷ እጅ ፕላስቲክ ውስጥ ከታዋለች። ሆኖም ሥልጠናና መሄድ አንድ ነገር መሆናቸውን ለራሷ አልነገረችውም ነበር።

«የሮዳስስ?»

«የሮዳስም ወጥቷል። አብረን ነው የምንሄደው።»

«እንቁ ሰምታለች?»

«ዛሬ ትነግራታለች።» ሹክሪያ ከአቡጀዲው ጫፍ የወጣ ክር መዘዘች። «እማ፣ አንቺ ሳትፈቅጂ አልሄድም። ዱዓሽን ሳልይዝ አልሳፈርም። አይሆንም ካልሽ ከቃልሽ አልወጣም፤ እቀራለሁ። ግን ንገሪኝ።»

«እስከ መቼ ልንገርሽ?»

«እስከ ትምህርታችሁ መዝጊያ ቀን። ከዚያ በላይ አይጠብቁኝም።»

«ሻይ አለ በፔርሙዙ» አለች ኩብራ። «ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

ሹክሪያ ተነሥታ ገባች። ኩብራ መቀሱን አንሥታ ያቋረጠችውን መቁረጥ ቀጠለች። ጫት ስትጠቀልል ውላ ጣቷ እንደሚደነዝዘው ሁሉ ነበር የሆነችው፤ እጅ ይሠራል፣ የማን እጅ እንደሆነ ግን አያስታውቅም። አታለቅስም፤ አትቆጣም። ከጅዳ የተመለሱ ሴቶች ታውቃለች። ቤት የሠሩ አሉ። ምን አየሽ ሲሏቸው ወሬ የሚለውጡ አሉ። ሁለቱንም ዓይነት አስታወሰች፤ ስታስታውስም ስለ ሌላ ሰው ልጅ የምታስብ ያህል ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ ወደ ልብስ ሰፊው አክረም በረንዳ ሄደች። አክረም ከሲንጀር ስፌት መኪናው ቀና ሳይል፣ «ኩብራ፣ ቁርጥራጭ የምትለቅሚው ሱቅ ልትከፍቺብኝ ነው?» አላት።

«ድሪቶ ልሰፋ ነው።»

«ድሪቶማ ከሆነ አልፈራሽም። እዚያ ከረጢት ውስጥ ነው፤ የፈለግሽውን አውጪ።»

የሙሽራ ልብስ ትራፊ አወጣች፤ የኮት ገበር፣ የመጋረጃ ጫፍ፣ አበባ ያለበት የዲሪዕ ቀሚስ ቁራጭ። ቤት ስትደርስ ከራሷ ሣጥን የሹክሪያን የድሮ የተማሪ ሸሚዝ ጨመረች፤ ሰማያዊው ሰማይ ይሆናል። ተራራው ከመጋረጃው አረንጓዴ ተቆረጠ። መሬቱ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ነው። በሩ ከአሮጌ ቀይ ሻሽ። ጨርቆቹን አቡጀዲው ላይ ደረደረቻቸው፤ አንዱ ሦስት ማዕዘን፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ማዕዘን የለሽ። እትዬ እንዳሉት አላስተካከለቻቸውም። አንዱ ከሌላው በሚገናኝበት ስፌት ላይ ሁሉ በቢጫና በነጭ ክር ዘመዘመችበት። ጫት ለዓመታት ያሰረ እጅ ክር አያጠብቅም፣ አያላላምም፤ ስፌቷ ልክ ነበር። እንቁ አይታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፊደል ላይ ነው እንጂ መርፌ ላይስ መምህር ነሽ» አለቻት።

ከዚያ ጥልፉ መጣ። መንገዱን በቡናማ ክር ሠራችው። እናትየዋን በር ላይ አቆመቻት። ልጅቷ ሁለት ከሰዓት ወሰደችባት፤ ቀሚሷ ቢጫ ነው፣ ጓዟ የኮት ገበር ቁራጭ ነው። ፊቷ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም። በእንዲህ ዓይነት ትንሽ ፊት ላይ ዓይንና አፍ አይወጣም፤ ሰው ወዴት እንደሚያይ የሚያስታውቀው አፍንጫው ነው፤ እሱም አንዲት የመርፌ ስፌት ናት። ኩብራ የልጅቷን አፍንጫ ወደ ቤቱ አደረገችው፤ ሹሩባዋን ከኋላ ለቀቀችው፤ ሁለቱን እግሮች ወደ በሩ አራመደቻቸው። ሠዓሊው የተሳሳተውን እኔ አቃናሁት አለች በሆዷ።

ሹክሪያ ማታ ማታ ስትገባ ጨርቁን ታየዋለች። «ያምራል» ትላለች። ስለ ሌላው ነገር አታነሣም። ሁለቱም አያነሡም። ኩብራ አንዳንዴ መርፌዋን ይዛ ትቆይና አሁን ልንገራት ትላለች፤ «አይሆንም» የሚለውን ቃል አፏ ላይ ታገላብጠዋለች። ዝግጁ ነበር። አንድ ቃል ነው። ሹክሪያ ቃል አትሰብርም።

እንቁ አልቆየችም። በሰማችበት ቀን ነው የወሰነችው።

«የሮዳስን ፓስፖርት በርበሬ ቅል ውስጥ ቀብሬዋለሁ» አለች፣ ወደ ትምህርት ሲሄዱ። «ታገኘው ይሆናል። እያስነጠሳት ትሂዳ።»

«ምን አለችሽ?»

«ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ትናንት ጨው አቀብዪኝ አለችኝ። ጨው ከጠየቀችኝ ተርፌያለሁ።» ትንሽ ሄደው እንቁ መልሳ፣ «አንቺስ?» አለቻት።

«አላወቅሁም።»

«ምን ማወቅ ያስፈልገዋል? አይሆንም በያት።»

«እላታለሁ።»

መዝጊያው አሥር ቀን ያህል ሲቀረው እትዬ ሮማነወርቅ ሁሉም መጽሐፋቸውን ይዘው እንዲመጡ አዘዙ፤ ንባብ ሊለማመዱ። ኩብራ ሣጥኗን ከፈተች፤ መጽሐፉን ከልብስ ሥር አወጣችው። ሽፋኑ ከተቀደደ ቆይቷል። በፌስታል ጠቅልላ ወሰደችው እንጂ አልገለጠችውም። በቃሏ የምታውቀውን ምን ብላ ትገልጠዋለች?

ተራዋ ሲደርስ እትዬ ሮማነወርቅ መነጽራቸውን አስተካክለው መጽሐፉን ተቀበሏትና ገለጡት። ቀይ በር ያላት ቤት ወጣች።

«ከመጨረሻው ነው የከፈቱት፣ እትዬ» አለች ኩብራ።

«መጀመሪያው ነው።»

«አይ፣ ቤቷ መጨረሻ ላይ ናት።»

እትዬ ሮማነወርቅ መጽሐፉን አገላብጠው አዩና ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «እስቲ ከሥሩ ያለውን አንቢው።»

ኩብራ ጣቷን አስጠጋች። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ለልጅ የተጻፉ። «ልጅ...ቷ...» አለች። «ልጅቷ እ...ና...ቷን ተሰ...ና...በተች። ጓ...ዟን ይዛ ከቤ...ቷ ወጣች።»

መልሳ አነበበችው። ያው ነው። ገለጠች፤ ድልድዩ። ገለጠች፤ ዛፉ። ባቡሩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያ ብዙ መስኮት ያለው ሕንፃ መጣ፤ ልጅቷም በአንዱ መስኮት ተቀምጣለች። ከሥሩ፣ «ከተማው ትልቅ ነው። ልጅቷ በዚያ ኖረች። በመስኮቷም ተራራውን ታያለች» ይላል።

«እኔ...» አለች ኩብራ። «እኔ ከዚያ በኩል ነበር የምጀምረው።» ስትናገር በእጇ እያሳየች ነው፤ መጽሐፉን ሼኹ ኪታባቸውን እንደሚከፍቱት ከቀኝ በኩል ከፈተችው።

እትዬ ሮማነወርቅ ገባቸው። «የቁርአኑን አከፋፈት ነው የለመድሽው» አሉ በለዘበ ድምፅ። «የኛ ከግራ ነው። ጥፋት አይደለም።»

ደብተሯን ከግራ ከፍታ መጻፍ ከጀመረች ዓመት አልፏታል። አሮጌው መጽሐፍም እንደ ደብተሩ ሊሆን እንደሚችል ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሏት አያውቅም።

እንቁ አንገቷን አስግጋ አየች። «ታዲያ ያቺን ምስኪን ልጅ ዕድሜ ልኳን በኋላ ማርሽ ነበራ የምታመጫት!» አለች። ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ። ኩብራም አብራ ፈገግ አለች። እንቁ ፊቷን አይታ ሳቋን አቆመች፤ «ማሎ፣ አትቀየሚኝ፣ ቀልዴን ነው» ብላ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት።

የዚያን ቀን ኩብራ የሚቀጥለውን ትምህርት አልሰማችም። ሻይ ቀርቦ ነበር፤ ጠጣች። ስኳር አልጨመርሽበትም እኮ ሲሏት ነው ያወቀችው። በአእምሮዋ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያቺ ልጅ መንገዱ ላይ የቆመችው፣ የማትዞረው፣ እየመጣች ስላልነበረ ነው። መጀመሪያውኑም እየመጣች አልነበረም።

ቤት ስትደርስ ሹክሪያ ደጅ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ኩብራ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት።

«ምኑን?»

«የመጽሐፉን። የቢጫ ቀሚሷን ልጅ።»

ሹክሪያ እርጥብ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ፎጣውን ገመዱ ላይ አሰጣችው፤ ጠርዙን ቀጥ አድርጋ ሳበችው።

«ሁለተኛ ክፍል ሆኜ አነበብኩት» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ከዚያ በኋላም እኮ ስነግርሽ ትሰሚ ነበር። ባቡሩስ ትይኝ ነበር።»

«ያንቺኛው ደስ ይል ነበራ» አለች ሹክሪያ። «ደግሞ ቶሎ ያስተኛል።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። እናቷ እንዳልሳቀች ስታይ ተወችው። «አንቺ ስትነግሪኝ ደስ ብሎሽ ነበር፣ እማ። ምን ላድርግ? ዝም አልኩ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

ሹክሪያ ባዶውን ሳፋ ይዛ ገባች። ኩብራ እዚያው ቀረች። ከገመዱ ላይ ውኃ ይንጠባጠባል። አይሆንም ብትላት ሹክሪያ ትቀራለች። በሱቁ ውስጥ ካርድና ቻርጀር ትሸጣለች፤ ስትመጣ ያምራል ትላለች፤ እናቷ ደስ እንዲላት ዝም ትላለች። ሰባት ዓመቷ ላይ ማድረግ ከቻለች ሃያ ላይ አያቅታትም። ሠላሳም ላይ አያቅታትም። ኩብራ ይህን ሁሉ እንደ ሩቅ ሰው ወሬ በርጋታ አሰበችው። ሊያስለቅሳት የሚገባ ነገር እንደሆነ ይገባታል፤ እንባው ግን አልመጣም።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ ጨርቁን አወጣች። የመርፌዋን ጫፍ ከልጅቷ አፍንጫ ስፌት ሥር አስገብታ ሳበችው፤ ወጣ። ሹሩባውን ፈታች። እግሮቹን ፈታች። ልጅቷ ፊትም ኋላም የሌላት ቢጫ ቀሚስ ሆና ጥቂት ቆየች። ኩብራም ያንን እያየች ቆየች። ከዚያ በአዲስ ክር አፍንጫዋን በዚያኛው በኩል አወጣችው፤ ሹሩባዋን በቤቱ በኩል ለቀቀችው፤ እግሮቿን ወደ ጨርቁ ጠርዝ አራመደቻቸው። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም። የቀድሞው መርፌ የገባባቸው ቀዳዳዎች ከረጢቱ ላይ ተቆጥረው ይታያሉ። ልትሸፍናቸው ትችል ነበር፤ ሣር ብላ አረንጓዴ ክር ብታልፍባቸው ማንም አያውቅም። ተወቻቸው።

እናትየዋን አልነካቻትም። እሷ ድሮም ቦታዋ ላይ ናት።

የመዝጊያው ቀን ቅዳሜ ዋለ። አሥራ አራቱ ቁራጮች ተጋጥመው፣ ዙሪያቸው በጥቁር ጨርቅ ተቀምቅሞ፣ በእትዬ ሮማነወርቅ ግቢ አጥር ላይ ተሰቅለዋል። የእንቁ ሥዕል ጥንቸል ናት፤ አህያ ናት ያሉም ነበሩ። «ጆሮዋን አይታችሁ ፍረዱ» ትላለች እንቁ ለሚያልፍ ሁሉ። ከአጠገቧ ሮዳስ ቆማለች። ሮዳስና ሹክሪያ ተቃቅፈው ሰላም ተባባሉና ስለ ጅዳ ሳይሆን ስለ ሮዳስ ፀጉር አወሩ።

ስሟ ሲጠራ ኩብራ ወጣች። መጽሐፉን ከግራ ከፈተችው። «ልጅቷ እናቷን ተሰናበተች። ጓዟን ይዛ ከቤቷ ወጣች።» ሳትቆራርጥ ነው ያነበበችው። ሰዎች አጨበጨቡላት። እትዬ ሮማነወርቅ ከሁሉ ረጅም አጨበጨቡ።

ተመልሳ ስትመጣ ሹክሪያ አጥሩ ዘንድ ቆማ አገኘቻት። ጣቷ ጥልፉ ላይ ነው። ከቢጫዋ ቀሚስ በላይ፣ ጥፍር ከማያክለው ፊት ላይ አሳርፋዋለች። ቀዳዳዎቹንም ዳበሰቻቸው።

«አዞርሻት» አለች።

«አዎ።»

ሹክሪያ ጣቷን ከጥልፉ አነሣች። ጠበቀች። ኩብራ የነጠላዋን ጫፍ እያስተካከለች ጨርቁን አየችው፣ ከዚያ ልጇን አየቻት።

«የሠራው ሰው አልተሳሳተም ነበር» አለች። «ያኔ ስትጠይቂኝ አላወቅኩትም።» ከዚያ፣ «በረራው መቼ ነው?»

«ሐሙስ ጠዋት ከጭሮ እወጣለሁ። ዓርብ ነው በረራው።»

«ሹራብ ያዢ። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል ይላሉ።» እጇን በልጇ ራስ ላይ አደረገች፤ ከንፈሯ ለጥቂት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ በመጨረሻ «አሚን» ሲባል ሁለቱም አሉት።

እንቁ ከሩቅ አየቻቸው። ዱዓውን ሲያዩ ሰው መጠየቅ አያስፈልግም። መጥታ ከኩብራ ጎን ቆመች፤ ምንም ቀልድ አላመጣችም። ሮዳስ ወደ መሬት ታያለች።

ሐሙስ ጠዋት ኩብራ ጫት ተራ አልሄደችም። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን በአንድ በኩል ይዛ ሸኘቻት። ሹክሪያ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል እጇን አወጣች፤ ኩብራ ያዘችው፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ለቀቀችው። ከዚያ ቤት ሄዳ የቀረውን ልብስ አጠፈች።

ስልኳ ሁለት ጊዜ ጮኸ። የመጀመሪያው «እማ ሚኤሶ ደረስን» የሚል ነው። ሁለተኛው ቆይቶ መጣ፣ «አሰቦትን አለፍን፣ ምሳ ብዪ» ይላል። ሁለቱንም ሰው ሳትጠራ አነበበቻቸው። መልስ ጻፈች፤ ሦስት ቃል ለመጻፍ ብዙ ቆየች፤ «በልቻለሁ ሹክሪያ ሂጂ።» አልበላችም ነበር።

ድሪቶው አሁንም እትዬ ሮማነወርቅ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሹክሪያ ጅዳ ናት። ሮዳስ ጭሮ ቀርታ አክረም በረንዳ ላይ ልብስ ስፌት ትማራለች፤ ፓስፖርቷ የት እንዳለ ታውቃለች፣ አላወጣችውም። እንቁ ከልጇ ጋር ቀርታለች። ኩብራ ብቻዋን ቀርታለች።